የልጅ ዓይን ዙሪያ እብጠት ሲወጣ፦ እንጠብቅ፣ መድኃኒት እንጀምር ወይስ ኦፕሬሽን?

ልጄ የሦስት ወር ሕፃን ሳለች ገላዋን ሳጥባት ጣቴ ቅንድቧ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ነካ። ሽምብራ ታክላለች። አጥንቱ ላይ የተለጠፈች ትመስላለች። ቆዳው አልቀላም፣ ስነካትም አላለቀሰችም። ቤታችን ጎንደር፣ ማራኪ የሚባል ሰፈር ነው፤ በዚያ ሳምንት እኛ ቤት ቡና የጠጣ ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ተናገረ። «እባጭ ነው፣ ይፈነዳል» ያለ አለ። «ምች ነው፣ ዳማከሴ አሽተሽ ቀቢያት» ያለችም አለች። አንድ ክሊኒክ የዓይን ቅባት ሰጠን፤ ሁለት ወር ሙሉ ቀባን። ሽምብራዋ ንቅንቅ አላለችም።

በመጨረሻ ዓይን ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ዶክተሯ በጣታቸው ዳሰሱና መጀመሪያ የጠየቁኝ «መቼ አየሽው? ከዚያ ወዲህ ስንት አደገ?» ብለው ነው። ያኔ ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር። አሁን ግን «የልጄ ዓይን አበጠብኝ» ብሎ ለሚደውልልኝ ሁሉ እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው እሱኑ ነው። ምርጫው በሙሉ ከፍጥነቱ ይነሳል። በወራት የሚያድግ እብጠት ለማሰብ ጊዜ ይሰጣችኋል። በቀናት የሚያድግ አይሰጥም።

ሐኪም አይደለሁም፣ እናት ነኝ። የምጽፈው ሐኪም ቤት ስትገቡ የሚነገራችሁን እንድትረዱና ጥያቄ ይዛችሁ እንድትገቡ ነው። ልጁን አይቶ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። ዓይን የተቀመጠበት ጉድጓድ ዙሪያውን በአጥንት የታጠረ ጠባብ ቦታ ነው። ጡንቻ፣ ነርቭ፣ ደም ሥር፣ ስብ፣ እንባ የሚያመነጨው ዕጢ ሁሉ እዚያ ተጨናንቀዋል። ስለዚህ እዚያ ውስጥ የሚበቅል ማንኛውም ነገር፣ ደህናውም ክፉውም፣ ቦታ ሲያጣ ዓይኑን ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ይገፋዋል። ዓይን ወጣ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ልጆች ላይ የሚወጡት አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ በመገመት አይታወቅም።

ቀስ ብለው የሚያድጉት

የእኔ ልጅ የነበረባት ዴርሞይድ ሲስት ይባላል። ሕፃኑ ገና በማኅፀን እያለ የራስ ቅል አጥንቶች ሲገጣጠሙ፣ ቆዳ መሆን የነበረበት ትንሽ ነገር መሐላቸው ተቀርቅሮ ይቀራል። የቀረው ነገር እዚያም ሆኖ የቆዳ ሥራውን አይተውም፤ ቅባት ያመነጫል፣ አንዳንዴ ፀጉር ሁሉ ያበቅላል፣ ግን መውጫ የለውም። ከረጢቱ ቀስ እያለ ይሞላል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቅንድብ የሚያልቅበት የውጭው ጫፍ ላይ ነው። አያምም፣ አይቀላም፣ ትኩሳት የለውም።

ይሄ እብጠት በራሱ አይጠፋም። ቅባትም ክኒንም አያጠፋውም። ስለዚህ ምርጫው አሁን ይውጣ ወይስ ቆይቶ የሚል ብቻ ነው። መቆየቱ ጥቅም አለው፤ ልጁ ጠንከር ሲል ማደንዘዣውን የተሻለ ይችለዋል። ብዙ መቆየት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ልጅ መሄድ ሲጀምር ይወድቃል፣ የሚመታው ደግሞ ያንኑ ቅንድቡን ነው። ከረጢቱ ውስጥ ለውስጥ ከፈነዳ አካባቢው ይቆጣል፣ ከሥጋው ጋር ይጣበቃል፣ ኦፕሬሽኑም ይከብዳል። እኛ አንድ ዓመት እስኪያልፋት ጠብቀን በአንድ ዓመት ከስምንት ወሯ ወጣላት። ዋናው ነገር ከረጢቱ ሳይቀደድ ሙሉውን ማውጣት ነው፤ ከግድግዳው ቁራጭ ከቀረ ተመልሶ ይሞላል። «በመርፌ ይምጠጡልኝ፣ ቢላዋ አይንካት» ያሉ እናት ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ ነበሩ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን በመርፌ የተመጠጠ ዴርሞይድ ተመልሶ ይመጣል፣ በዚያ ላይ ተቆጥቶ።

ይህ ሁሉ የውጭው ጫፍ ላይ ላለው ነው። እብጠቱ በአፍንጫ በኩል፣ በሁለቱ ዓይኖች መሐል ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ቦታ ላይ የሚወጣ ለስላሳ እብጠት፣ በተለይ ልጁ ሲያለቅስ የሚነፋ ወይም እንደ ልብ ትር ትር የሚል ከሆነ፣ በአጥንት ቀዳዳ የወጣ የአንጎል ክፍል ሊሆን ይችላል። ስካን ሳይነሳ ማንም መርፌም ምላጭም እንዳያስጠጋው። ባሕላዊ ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ እንዳታስፈነዱት እለምናችኋለሁ።

ሁለተኛው የደም ሥር እብጠት ነው፣ ሄማንጂዮማ ይሉታል። ልጁ ሲወለድ ብዙ ጊዜ ምንም አይታይም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን የዓይኑ ቆብ ላይ እንደ እንጆሪ ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ ወይም ጠለቅ ካለ ከቆዳው ሥር ሰማያዊ መስሎ ይታያል። ሲያለቅስ ይበረታል። እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዱም እስከ ዓመት ያድጋል፤ ከዚያ በራሱ ዓመታት ወስዶ ይሟሽሻል። ስለዚህ እዚህ ላይ መጠበቅ ራሱ አንድ ሕክምና ነው፤ አያቶቻችን «ሲያድግ ይተወዋል» የሚሉት ለዚህኛው እውነት አለው።

ችግሩ የሚመጣው ቆቡ ከብዶ ብሌኑን ሲሸፍን ወይም እብጠቱ የዓይን ኳሱን ተጭኖ ቅርጹን ሲያጣምመው ነው። የሕፃን አንጎል ማየትን የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። አንዱ ዓይን ጥርት ያለ ምስል ካልላከለት አንጎሉ ያንን ዓይን ይተወዋል፤ ኋላ እብጠቱ ቢጠፋም እይታው ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ይጠበቅ ወይስ መድኃኒት ይጀመር የሚለውን ስትወስኑ መልኩን ተዉት፣ ዋናው እይታው ነው። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሞክሩ። ልጁ እየተጫወተ ጤነኛውን ዓይኑን በመዳፋችሁ ሸፍኑበት። ተነጫንጮ እጃችሁን ከገፋ፣ ያበጠውን ስትሸፍኑ ደግሞ ግድ ካልሰጠው፣ ባበጠው ዓይን በደንብ አያይም ማለት ሊሆን ይችላል። በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው።

መድኃኒቱ ፕሮፕራኖሎል ነው። ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጠው የድሮው ክኒን ራሱ። ቦርዶ፣ ፈረንሳይ ያሉ ሐኪሞች ለልብ ችግር ብለው ለአንድ ሕፃን ሲሰጡት የፊቱ ሄማንጂዮማ ሲሟሽሽ አዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ አደረጉት። ከዚያ በፊት የነበረው ምርጫ ስቴሮይድ ነበር፣ በአፍ ወይም ቆቡ ውስጥ በመርፌ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም ከባድ። አሁን ፕሮፕራኖሎል ይቀድማል። የተለመደው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም ነው፤ ተከፋፍሎ ይሰጣል፣ ከትንሽ ተጀምሮ ይጨመራል፣ ቢያንስ ስድስት ወር ያህል ይቆያል። ለአዋቂ የተሠራ ክኒን ቤት ውስጥ በግምት ቆርሶ መስጠት ግን በፍጹም አይሆንም። መድኃኒቱ የልብ ምት ይቀንሳል፣ ስኳር ያወርዳል። ጡት ወይም ምግብ ሳይቀምስ አይሰጥ፤ ካስመለሰው ወይም መብላት እምቢ ካለ ያን ቀን ይለፈውና ለሐኪሙ ደውሉ። ደረቱ ሲር ሲር የሚልበት ልጅ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ትንሽና ላይ ላዩን ለሆነ እብጠት ቲሞሎል የሚባል የዓይን ጠብታ እላዩ ላይ ማድረግም አለ፤ ቀለል ይላል፣ ግን ጠለቅ ላለው አይደርስም።

ሌሎቹን ባጭሩ ልበል። ልጁ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ዓይኑ የሚያብጥ፣ አንዳንዴም ውስጡ ደም ፈስሶ በአንድ ሌሊት የሚወጣ ከሆነ ሊምፍ የሚባለውን ውኃማ የሰውነት ፈሳሽ የሚያመላልሱት ሥሮች ተዛብተው ከረጢት መሥራታቸው ይጠረጠራል። እሱን ነቅሎ መጨረስ ይከብዳል፤ ከረጢቶቹ ውስጥ መድኃኒት በመርፌ አስገብቶ ማሟሸሽ ብዙ ጊዜ ከቢላዋ ይሻላል። ልጁ ገላው ላይ ስድስትና ከዚያ በላይ ቡና የመሰለ ነጠብጣብ ካለበትና ዓይኑ ቀስ እያለ ከወጣ ደግሞ የዓይን ነርቭ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ነጠብጣቡን ለሐኪሙ አሳዩ፤ እሱም እይታው እስካልቀነሰ ብዙ ጊዜ በክትትል ይያዛል። በግና ውሻ አብረው በሚያድሩበት ቤት ላደገ ልጅ ደግሞ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ የውሻ ትል በእንቁላሉ አማካይነት ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሊሠራ ይችላል። ብርቅ ነው፣ ግን ገጠር ላላችሁ አይረሳ። እሱም በመርፌ አይነካም፤ ከፈሰሰ ሰውነት በድንገት ተቆጥቶ ሕይወት ላይ ሊደርስ ይችላል። አልቤንዳዞልና ጥንቃቄ ያለው ኦፕሬሽን ነው መፍትሔው።

በቀናትና በሳምንታት የሚያድጉት

ልጄ ተኝታ በነበረበት ክፍል ከመተማ በኩል የመጣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ «ኳስ ሲጫወት ወድቆ ነው» ብለው ነው የነገሩኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የቀኝ ዓይኑ ቆቡ እስከማይከደን ድረስ ወጣ። መጀመሪያ የሄዱበት ቦታ አንቲባዮቲክ ሰጥቷቸው ነበር፤ ሲጨርሱ ሌላ ሰጧቸው። ሳምንታቱ እንዲያ ነው የሄዱት።

ወድቆ ነው የሚለው ወሬ ብዙ ቤት ይሰማል። ልጅ ሁሌ ይወድቃልና። ግን የወደቀበት እብጠት በየቀኑ መቀነስ አለበት፣ መጨመር የለበትም።

ቶሎ የሚያብጥ ዓይን ላይ ሁለት ተፎካካሪዎች አሉ፣ ኢንፌክሽንና ክፉ ዕጢ። ኢንፌክሽኑ ብዙ ጊዜ ከሳይነስ፣ በአፍንጫ ዙሪያ ካለው የአጥንት ክፍተት፣ ይመጣል፤ ትኩሳት አለው፣ ያማል፣ ቀይ ነው፣ ልጁ ይደክማል። እሱ ራሱ አስቸኳይ ነው፣ ተኝቶ በደም ሥር አንቲባዮቲክ መውሰድ ያስፈልገዋል። መለያው መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ያለው አንድና ሁለት ቀን ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው «ሌላ አንቲባዮቲክ እንቀይር» ብቻ አይበቃም፣ ስካን ይነሳ። ይህን ለመጠየቅ አትፈሩ። «ዶክተር፣ ሁለት ቀን ሆነው፣ አልቀነሰም፣ ስካን አያስፈልገውም?» ማለት ድፍረት አይደለም።

የዚያ ልጅ ራብዶማዮሳርኮማ ነበር። በልጅ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ከሚነሱት ካንሰሮች በብዛት የሚታየው እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአሥር ዓመት በታች። ስሙ ያስፈራል። ግን ይህን ልብ በሉ፦ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ሳለ ተገኝቶ ሙሉ ሕክምናውን ያገኘ ልጅ የመዳን ዕድሉ ከ90 በመቶ በላይ የደረሰባቸው አገሮች አሉ። ድሮ ሕክምናው ዓይኑንና በዙሪያው ያለውን ሁሉ መንቀል ነበር። አሁን ናሙና ተወስዶ ኬሞ፣ ማለትም ካንሰሩን የሚገድል መድኃኒት፣ ይጀመራል፣ ጨረር ይከተላል፣ ዓይኑም ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ጨረሩ ኋላ ሞራ ሊያመጣ፣ የፊት አጥንት እድገትንም ሊያጓትት ይችላል፤ ሲነገራችሁ አትደንግጡ፣ ከሕይወት ጋር ሲመዛዘን ነው።

ከቆላው ለሚመጡ ልጆች በርኪት ሊምፎማ የሚባል ካንሰርም አለ። ዴኒስ በርኪት የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1958 ኡጋንዳ ውስጥ ነው የጻፈው፤ ወባ በሚበዛበት አገር ይበዛል። መንጋጋ ያብጣል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፣ ዓይንም ይገፋል። በጣም ፈጣን ነው፣ ከቀን ወደ ቀን ሲያድግ ይታያል። እዚህ ላይ ቆርጦ ማውጣት ሕክምናው አይደለም። ኬሞ ሲጀመር በቀናት ውስጥ ሊሟሽሽ ይችላል። ቆርጠው ካላወጡት አይድንም ብላችሁ ኬሞውን እንዳትሸሹ።

ዓይን ዙሪያ የሚያብጥ የደም ካንሰርም አለ። ስለዚህ ቶሎ ላበጠ ዓይን ስካኑም ኦፕሬሽኑም ከመምጣቱ በፊት ሙሉ የደም ምርመራ ይታዘዝ፣ ደሙም በማይክሮስኮፕ ይታይ። ከሁሉም ርካሹ ምርመራ ነው፣ አንዳንዴ መልሱ እዚያው ይገኛል። ልጁ ሳይመታ ሁለቱም ዓይኖቹ ሥር እንደተደበደበ ሰው ከጠቆረ ደግሞ ሆዱን ይዳሰስ፤ ከኩላሊት በላይ ካለው ዕጢ የተነሳ ኒውሮብላስቶማ የሚባል ካንሰር እንዲያ ነው የሚታየው።

ሬቲኖብላስቶማ የሚጀምረው ከዓይን ኳሱ ውስጥ ነው እንጂ ከጉድጓዱ አይደለም። ግን ሲዘገይ ፈሶ ወደ ጉድጓዱ ይወጣል፣ እኛ አገር ብዙ ልጅ የሚመጣው እንዲህ ሆኖ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ነው። ማታ ዓይኑ እንደ ድመት ያበራል፣ ወይም በስልክ ፍላሽ ፎቶ ሲነሳ አንዱ ዓይን ነጭ ይሆናል። ዓይኑ መሸውረርም ይጀምራል። ዓይኑ ውስጥ ተወስኖ ሳለ ከተደረሰበት ልጁ ይድናል፣ አንዳንዴ ዓይኑን ማውጣት የግድ ቢሆንም። ይህን እንቢ ያለ አባት አውቃለሁ፣ «ልጄን ዕውር አላደርግም» ብሎ። ያ ዓይን ግን ማየት ካቆመ ቆይቷል። በምትኩ ሰው ሠራሽ ዓይን ይገባል፣ ልጁም ይማራል፣ ይጫወታል። ወንድምና እህቶቹም ይመርመሩ፣ በዘር የሚተላለፍ ዓይነት አለውና።

አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ወይስ ኤምአርአይ?

አልትራሳውንድ ርካሽ ነው፣ ጨረር የለውም፣ ማደንዘዣ አይፈልግም። ውኃ የያዘ ይሁን ሥጋ የሆነ፣ ደም የሚመላለስበት ይሁን አይሁን ይለያል። ከፊት ላለ እብጠት በቂ ሊሆን ይችላል፤ ከጥልቁ ግን ብዙ አያሳይም። ሲቲ በደቂቃዎች ያልቃል፣ አጥንት ተበልቶ እንደሆነና የካልሲየም ክምችት መኖሩን ጥሩ አድርጎ ያሳያል፣ ለአስቸኳይም እሱ ይሻላል። ጨረር ስላለው ግን «ለማንኛውም ይነሳ» ተብሎ አይደጋገም። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፣ ነርቩን፣ ለስላሳውን ሥጋና ወደ አንጎል የሄደ ነገር ካለ አጥርቶ ያሳያል። ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይነቃነቁ መተኛት ይፈልጋል፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ያለ ማደንዘዣ አይችልም።

ለማደንዘዣ ሲቀጠር ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። የተለመደው ለምግብ ስድስት ሰዓት፣ ለእናት ጡት አራት ሰዓት፣ ለውኃ ሁለት ሰዓት ነው። አዘነለትና «አንድ ጉርሻ ብቻ» ብሎ ያጎረሰ ዘመድ ቀጠሮውን ያሰርዛል። እኛ ላይ ደርሷል።

ናሙና ስለመውሰድ

«መርፌ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ፍርሃት ጎንደርም በየቤቱ አለ። ለሬቲኖብላስቶማ እውነት ነው፣ ያ ዓይን በመርፌ አይወጋም። ለውሻው ትል ከረጢትም፣ ለአንጎሉ እብጠትም አይሆንም። ለራብዶማዮሳርኮማና ለሊምፎማ ግን ያለ ናሙና ሕክምና አይጀመርም። በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ቶሎ ይደርሳል፣ ኦፕሬሽን አይደለም፣ ግን የሚገኘው ጥቂት ስለሆነ አንዳንዴ ስሙን ለይቶ ለመናገር አይበቃም። ተከፍቶ የሚወሰደው ማደንዘዣ ይፈልጋል፣ መልሱ ግን ሙሉ ነው። ሐኪሙ የትኛውን እንደመረጠና ለምን እንደመረጠ ጠይቁ። የናሙናው ውጤት እስኪደርስ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፣ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ናሙናው የሚመረመርበት ክፍል፣ ፓቶሎጂ፣ የሰጠውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

እዚህ ወይስ አዲስ አበባ?

እኔ ከጎንደር መጀመርን እመርጣለሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ማዕከል አለው፤ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 የተጀመረ፣ ሐኪም የሚያሰለጥን ቤት ነው። ዳባትና ደባርቅ፣ ደምቢያና ጭልጋ ያላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፋችሁ ኑ፤ የጤና መድን ካላችሁ ያቺ ወረቀት ብዙ ወጪ ታተርፋለች። ለዴርሞይድና ለሄማንጂዮማ ክትትል ቀጠሮው በተደጋጋሚ ስለሆነ ቅርብ መሆኑ ራሱ ግማሽ ሕክምና ነው።

ጨረር ወይም የተለየ ኦፕሬሽን ካስፈለገ ግን አዲስ አበባ ሊላክ ይችላል። ለዓይን ምኒልክ 2ኛ፣ ለልጆች ካንሰርና ለጨረር ጥቁር አንበሳ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፣ ማደሪያው ደግሞ ከሕክምናው በላይ ያስጨንቃል። ተስፋ አዲስ የሚባል፣ በካንሰር የታመሙ ልጆች ወላጆች የመሠረቱት ድርጅት አለ፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ቤተሰቦች ማረፊያ ይሰጣል፣ ጥቁር አንበሳ ስትደርሱ ጠይቁ። ስካኑን በሲዲ፣ የናሙናውን ብሎክ፣ ማለትም በሰም ውስጥ የተቀመጠውን ቁራጭ፣ ከፓቶሎጂ ክፍል ተቀብላችሁ ያዙ፤ አለበለዚያ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ኬሞ የጀመረ ልጅ ካተኮሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግባ፣ እስኪነጋ አይጠበቅ።

ስለ ጠበል

አማቴ የቁስቋም ሰው ናቸው። «ልጄ፣ መጀመሪያ ጠበሉን ትጨርስ፣ ከዚያ ሐኪሙ» አሉኝ። «እማማ፣ ሁለቱንም እናድርግ፣ ጠዋት ጠበል፣ ከዚያ ሆስፒታል» አልኳቸው። ዝም አሉ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው አብረውን መጡ። ለልጄ እብጠት ሁለት ሱባኤ ብንጠብቅም ምንም አይጎዳትም ነበር። ለዚያ ለመተማው ልጅ ግን አንድ ሱባኤ ብዙ ነው። ሰባት ቀን ቆጥራችሁ ከመግባታችሁ በፊት ፍጥነቱን እዩ። በየሁለት ቀኑ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን ፎቶ አንሱት። እብጠቱ ካደገ ያ ፎቶ ለእናንተም ለአማታችሁም ለሐኪሙም ይናገራል።

የእኔ ልጅ አሁን አራት ዓመቷ ነው። ጠባሳው ቅንድቧ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። በየስድስት ወሩ እይታዋን እናስለካለን፤ የሚቀጥለው ቀጠሯችን ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው።